ፊደል በእጅ ይጀመር

በዚህ የትምህርት ዘመን ከወላጆች ጋር በተገናኘንባቸው ስብሰባዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። «ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ከገባ ስድስት ወሩ ነው፤ የአማርኛ ደብተሩን ስገልጠው ግን ባዶ ነው። ታዲያ ምን ሲያደርግ ይውላል?» የሚል ነው። አንዳንድ ወላጆች ልጆቹ በየቀኑ አንድ ገጽ ፊደል የሚገለብጡበት የቤት ሥራ እንዲሰጣቸው ለወላጆች ኮሚቴ አመልክተዋል። ከዚያም አልፈው «ጭቃ ማድቦልቦልና አሸዋ መጫር ከሆነማ ክፍለ ጊዜው ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ ይሰጥልን» ያሉ አሉ። ኮሚቴው በመጪው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ በጉዳዩ ተነጋግሮ ይወስናል።

ጥያቄውን አንንቀውም። እዚህ ናይሮቢ የቤት ኪራዩንና የትምህርት ቤት ክፍያውን ችሎ፣ ጠዋት በመኪና መጨናነቅ መሐል ልጁን አድርሶ ወደ ሥራው የሚሮጥ ወላጅ፣ ገንዘቡም ጊዜውም ምን ላይ እንደሚውል የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። ስለዚህ ውሳኔው ከመሰጠቱ በፊት እኛ የትምህርት ቤቱ መምህራንና አስተዳደር የምናምንበትን በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ በግልጽ ማስፈር ይገባናል። እምነታችን ይህ ነው፦ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ ፊደልን በጆሮው ሳይለይ፣ በእጁ ሳይዳስስ፣ በአፉ ሳይቀምስ እርሳስ ይዞ ገጽ እንዲሞላ ማድረግ የተሞላ ደብተር እንጂ አንባቢ ልጅ አያስገኝም።

ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ማለት ማንበብ አይደለም

የመጀመሪያ ክፍል መምህራን ሁሉ የሚያውቁት ነገር አለ። ከ«ሀ ሁ ሂ» ጀምሮ እስከ «ፐ ፑ ፒ» ድረስ በዜማ አንድ ሳያዛንፍ የሚወርድ ልጅ ይመጣል። መምህሯ ጣቷን «ቶ» ላይ ስታሳርፍና «ይቺ ማን ናት?» ስትለው ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶ «ተ፣ ቱ፣ ቲ፣ ታ…» እያለ በሹክሹክታ ይቆጥርና ይደርስባታል። ይህ ልጅ ዜማውን ያውቀዋል፤ «ቶ»ን ግን አያውቃትም። መንገድ ላይ ለብቻዋ ቢያገኛት አይለያትም። ገልባጩም እንዲሁ ነው። አንድ ገጽ ሙሉ «መ መ መ መ» ብሎ የጻፈ ልጅ ከሦስተኛው «መ» በኋላ የሚያየው ፊደሉን ሳይሆን መስመሩንና የቀረውን ቦታ ነው።

ጉዳዩ የእኛ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ሰሌዳ እያዩ፣ በኅብረት እየደገሙ ማለት ነው። ድምፅ አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው ድምፁንና ምልክቱን አንድ በአንድ የማገናኘቱ ሥራ ነው።

«እኛ እንዲህ አይደል የተማርነው?» ለሚሉን ወላጆች መልሳችን ከራሳችን ከጥንቱ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ገበታውን ይዞ በስንደዶ እያንዳንዷን ፊደል እየነካ ነበር የሚቆጥረው። እጁ ሥራ አይፈታም ነበር። «ሀ ሁ» ካለቀ በኋላም የኔታ ወዲያው ወደ ንባብ አይሄዱም፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይመጣል። አቡጊዳ ምንድን ነው? ከአንዱ ፊደል ግዕዙን፣ ከሌላው ካዕቡን፣ ከሌላው ሣልሱን እያነሣ የለመደውን ሰልፍ የሚበትን ትምህርት ነው። ልጁ በዜማ ተሸክሞ የመጣውን ፊደል ከሰልፉ ውጭ ለይቶ እንዲያውቅ ያስገድደዋል። በቁርኣን ቤትም ልጁ የእንጨት ሰሌዳውን በቀለም ጽፎ፣ አንብቦ፣ አጥቦ እንደገና ይጽፍበታል። አባቶቻችንም እናቶቻችንም በዜማ ብቻ አልተማሩም። ከጊዜ በኋላ ብዙ ትምህርት ቤቶች ዜማውን አስቀርተው ስንደዶውንና አቡጊዳውን ጣሉት። እኛ የምናደርገው የተጣለውን ማንሣት ነው።

መጀመሪያ ጆሮ

የመጀመሪያው ሥራችን ፊደል የማይታይበት ነው። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ መሐል ላይ አንድ ከረጢት አለ። በየተራ እጃቸውን ከትተው ሳያዩ አንድ ነገር ያወጣሉ፦ ጣሳ፣ ላባ፣ ጫማ፣ ቡና፣ አሻንጉሊት ዶሮ። ስሙን ይጠሩና በጭብጨባ ይከፍሉታል። «ዶ-ሮ» ሁለት ጭብጨባ፤ «ቡ-ና» ሁለት፤ «ጫ-ማ» ሁለት። ከዚያ መምህሯ «በ‹ጣ› የሚጀምረው የማነው?» ትላለች፤ ጣሳ የደረሰው ልጅ ይነሣል።

ቃላቱን በዘፈቀደ አንመርጥም። በ«ዶሮ»ና በ«ቡና» አንዱ ጭብጨባ አንድ ፊደል ነው። «ሰላም» ግን ሁለት ጊዜ ተጨብጭቦ በሦስት ፊደል ይጻፋል፤ «ልጅ» አንድ ጊዜ ተጨብጭቦ በሁለት ፊደል ይጻፋል። ሳድሱ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። ስለዚህ ልጆቹ ጭብጨባና ፊደል እኩል የሚሄዱባቸውን ቃላት ጠግበው ከለመዱ በኋላ ነው ሳድሱን የምናመጣው። ያኔ ጭብጨባውን ትተን ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጠጠር እንዲያስቀምጡ እናደርጋለን።

በናይሮቢ ለሚያድጉ ልጆች የጆሮ ሥራ ሌላም ምክንያት አለው። በሰፈር የሚሰሙት ስዋሂሊና በትምህርት የሚሰሙት እንግሊዝኛ «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» የሚባሉ ድምፆች የላቸውም። ብዙዎቹ ልጆቻችን «ቀ»ን «ከ»፣ «ጠ»ን «ተ» አድርገው ይሰማሉ። «ከበረ» እና «ቀበረ» በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ተፋ» እና «ጠፋ»ም እንዲሁ። ጆሮው ያልለየውን እጁ ሺህ ጊዜ ቢጽፍ ተሳስቶ ይጽፋል። ስለዚህ ልጆቹ መዳፋቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው «ተ… ጠ… ከ… ቀ…» ይላሉ። «ጠ» እና «ቀ» ላይ ማንቁርታቸው ወደ ላይ ብድግ ሲል በጣታቸው ይሰማቸዋል። አፋቸው ፊት ቀጭን ወረቀት ሲይዙም «ተ» ላይ ይርገበገባል፤ «ጠ» ላይ ብዙም አይነቃነቅም። ሁለቱም ምንም ወጪ የላቸውም፤ ልጆቹም እንዲደገምላቸው ይለምኑናል።

ከዚያ እጅ

ወላጆች «ጭቃ» ያሉት እዚህ ላይ ነው። የእኛ ፊደል 33 መነሻ አለው፤ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ነው ብለው ከጎረቤት ልጅ ጋር ለሚያነጻጽሩ ልጆች ቁጥሩ ያስደነግጣል። በእጅ ሲሠራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጅቷ ከጭቃ ወይም ከሊጥ «በ»ን ትሠራለች። ቀኝ ወገቧ ላይ ትንሽ ቁራጭ ስትለጥፍባት «ቡ» ትሆናለች፤ ቁራጯን ወደ እግሯ ስታወርዳት «ቢ»፤ ግራ እግሯን ስታሳጥር «ባ»፤ ቀኝ እግሯ ላይ ቀለበት ስታስር «ቤ»፤ ቁራጯን ወደ ግራ ጎኗ ስትወስዳት «ብ»፤ ቀኝ እግሯን ስታሳጥር «ቦ»። ከዚያ መምህሯ «ከ»ን ሰጥታ «አሁን ‹ኮ›ን ሥሪልኝ» ትላታለች። ማንም ሳያሳያት ትሠራታለች። እንደ «ረ» እና «ፈ» ያሉት ጠባያቸው ለየት ስለሚል ቆየት ብለው ይመጣሉ። ለልጅቷ 231 ባዕድ ምልክት የነበረው 33 መነሻና ሰባት ልማድ ሆነላት ማለት ነው። ይህን ያስተማራት ጣቷ ነው፤ ከሰሌዳ መገልበጥ አያሳያትም።

ጭቃው ሌላም ጥቅም አለው። የአራት ዓመት ልጅ ጣት ገና ለስላሳ ነው። እርሳስ በግድ ሲያዝ ልጁ በጡጫው ይጨብጠዋል፤ ያ አያያዝ ካደገ በኋላ ለማስተካከል ያስቸግራል። ማድቦልቦል፣ መቆንጠጥ፣ መጠፍጠፍ ጣትን ያጠነክራል። ከጭቃው ቀጥሎ በትሪ ላይ የተነጠፈ አሸዋ ይመጣል፤ ልጁ በጠቋሚ ጣቱ እየጻፈ ድምፁን ይጠራል፣ ትሪውን ወዝወዝ አድርጎ ያጠፋና ይደግማል። ስሕተቱ በላጲስ ስለማይቀደድ አይፈራም። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም የመጀመሪያዋን የሕፃናት ቤት የከፈተችው ማሪያ ሞንቴሶሪ ፊደላትን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጣ ልጆች በጣታቸው እንዲከተሏቸው ታደርግ ነበር። እኛ ለ33ቱ ፊደሎቻችን ይህንኑ በካርቶን ላይ ሠርተናል።

ቆርኪና ሰኞ ማክሰኞ

ፊደል ወደ ቃል የሚሻገረው በቆርኪ ነው። በየኪዮስኩ የሚጣለውን የለስላሳ ቆርኪ ልጆቹ ራሳቸው ሰብስበው ያመጣሉ፤ ታጥቦ ውስጡ በማርከር አንድ አንድ ፊደል ይጻፍበታል። ልጁ «ላ»ን እና «ባ»ን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ «ላባ» ይላል። ያዟዙራቸዋል፤ «ባላ» ሆነ። «ሳማ» ሲዟዟር «ማሳ» ይሆናል። በዚህ ጊዜ «ባላ ምንድን ነው? ሳማስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ እዚህ ከተማ የተወለደ ልጅ ሳማ ለብልቦት አያውቅምና። መምህሯ ታስረዳለች፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ቃሉ ይገባል። አንድ ጥንድ ቆርኪ ንባብም የቃላት ትምህርትም ሆነ።

በግቢው ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። በጠመኔ ሰባት ቤት ይሰመራል፤ በየቤቱ የአንድ ፊደል ሰባት ዘር ይጻፋል። መጀመሪያ በተራ ይዘለላል። ሁለተኛው ዙር ላይ መምህሯ ፊደሎቹን ታዘበራርቃለች፤ ልጁ ጠጠሩ ያረፈበትን ቤት ስም ሳይጠራ አይዘልም። አቡጊዳ በእግር ማለት ነው። ከሰልፍ ውጭ ያለችውን «ቶ» ያልለየ ልጅ እዚህ ይታወቃል፤ ሳይሸማቀቅም በጓደኞቹ መሐል ይማራታል።

ለሚቀርቡት ተቃውሞዎች

«ለእንግሊዝኛው ጊዜ ይሻማል» ለሚለው፦ አይሻማም። ቃል በድምፅ እንደሚከፈልና ምልክት ድምፅን እንደሚወክል አንድ ጊዜ የገባው ልጅ ያንን ማስተዋል ወደ ማንኛውም ቋንቋ ይዞት ይሄዳል። እዚሁ ኬንያም ቢሆን ከ2019 ጀምሮ በተዘረጋው ሥርዓተ ትምህርት የቅድመ መደበኛ ትምህርቶቹ ራሳቸው «የቋንቋ እንቅስቃሴ»፣ «የሒሳብ እንቅስቃሴ» ተብለው ነው የተሰየሙት። ደብተር የሚሞሉ አልተባሉም።

«ታዲያ ጽሕፈት መቼ ሊማሩ ነው?» ለሚለው፦ ይማራሉ። በሁለተኛው የመዋዕለ ሕፃናት ዓመት አጋማሽ እርሳስ ይያዛል፤ የመጀመሪያው ጽሕፈትም የልጁ የራሱ ስም ነው። ያኔ ጣቱ ጠንክሯል፤ የሚጽፈውንም ያውቀዋል። ዜማውንም አልተውነውም። በየጠዋቱ ለጥቂት ደቂቃ «ሀ ሁ» ይባላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አንድ ልጅ ገበታው ፊት ቆሞ በዘንግ እየጠቆመ ነው።

«የምንመዝንበት ነገር ስጡን» ለሚለው፦ ይህ ከሁሉም በላይ ትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ ደብተሩን ከእጃችሁ ስንወስድ ምትክ ልንሰጣችሁ ይገባል። እነሆ ምትኩ። በየወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ከልጃችሁ ጋር አብራችሁ ቁጭ በሉ። ከገበታው ላይ ሰልፋቸውን ሳትጠብቁ አሥር የተማራቸውን ፊደላት ጠቁሙ፤ አምስት አጫጭር ቃላት በቆርኪ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ከቻለ እየተማረ ነው። ካልቻለ ወደ እኛ ኑና ጠይቁን፤ መልስ የመስጠት ግዴታ አለብን። ይህ ፈተና ደብተር ከማገላበጥ ይልቅ ለእኛ ይከብዳል፤ የመረጥነውም ስለዚህ ነው።

ትምህርት ቤት ብቻውን የማይችለው

አንድ ነገር ግን ጭቃም ቆርኪም አይሞላውም። አማርኛ ሲጻፍ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው የሚለይ ምልክት የለውም። «ዋና እንማር» እና «ዋና መንገድ» ሲጻፉ ቃሉ አንድ ነው፤ ሲነበቡ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ላልቶ፣ ሁለተኛው ጠብቆ መነበቡን የሚያውቀው ቃሉን አስቀድሞ በጆሮው የሰማ ልጅ ብቻ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የምታስታውሱ ታውቃላችሁ፤ ያኔ ፊደል የቆጠሩ አዋቂዎች ቋንቋውን ይዘው ነበር የመጡት፤ የጎደላቸው ምልክቱ ብቻ ነበር። ልጆቻችን ጋ ነገሩ ተገልብጧል። ምልክቱን እኛ እንሰጣቸዋለን፤ ቋንቋው ግን በሳምንት በጥቂት ክፍለ ጊዜ አይሞላም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ቤት ውስጥ አውሯቸው። እንቆቅልሽ ጠይቋቸው፤ «ምን አውቅልህ» ሲሉ አገር እስኪሰጧችሁ ድረስ አትልቀቋቸው። በቤታችሁ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ የምትናገሩም በዚያው በርቱ፤ በአንዱ ቋንቋ ተረት የጠገበ ልጅ በሌላውም አንባቢ ይሆናል። ዳቦ ስትጋግሩ ከሊጡ ትንሽ ቁረሱላቸውና የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ያድቦልቡሉ። በጤፉ ጆንያ፣ በበርበሬው ማሸጊያ፣ በአበሻ ምግብ ቤቶች በር ላይ ያለውን ፊደል «እስቲ የምታውቀውን ፈልግ» በሏቸው። አገር ቤት ላለችው አያት በስልክ መልእክት ስትልኩ ልጁ ይንገራችሁ፣ እናንተ በፊደል ጻፉለት፣ ከመላካችሁ በፊትም መልሳችሁ በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡለት። የተናገረው ቃል ምልክት ሆኖ ሲሄድ ያያል። አያት ስትመልስም የራሷን ቃል ያያል።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ አብዛኞቻችሁ ትገኛላችሁ። በአንድ በኩል በየቀኑ የሚሞላ ገጽ፣ በሌላ በኩል ከሰልፍ ውጭ ያለችን ፊደል የሚለይ ልጅ ይቀርብላችኋል። የተሞላው ገጽ ለመቁጠር ይቀላል፤ እሱን መምረጥ ግን የነዚህን ልጆች የአማርኛ ዕድል በሁለተኛ ክፍል ላይ እንዲዘጋ መፍቀድ ነው ብለን እናምናለን። ማንበብ የከበደው ልጅ ሌሎች ሁለት ቋንቋዎች በእጁ እያሉ አማርኛን ለመጣል ብዙ አይቸገርም።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን አንድ ጠዋት ክፍላችን ገብታችሁ እንድትቀመጡ እንጋብዛለን። ቀጠሮ አያስፈልግም። አሸዋው ትሪ ዳር ቦታ አለ፤ ልጆቹም ማስተማር ይወዳሉ። ስትመጡ የምትችሉትን ያህል ቆርኪ ይዛችሁ ኑ፤ ሁልጊዜ ያጥረናል።